«ሲስተም የለም» ከሚለው መልስ ጀርባ፦ የተዛማጅ መረጃ ቋት ሰርቨርን አፈጻጸምና ዝግጁነት መከታተል ከመጋላ አንጻር

አጠቃሎ

በባንክ፣ በግብር ወይም በመብራት ክፍያ መስኮት ፊት የቆመ ተገልጋይ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጠው፣ ከዚህ አንድ ሐረግ ጀርባ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ በርካታ ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የተዛማጅ መረጃ ቋት ሰርቨርን መከታተል ማለት ይህን ጥቅል መልስ ሊለኩና ሊታረሙ ወደሚችሉ ምክንያቶች መበተን እንደ ሆነ ያስረዳል። ለማሳያነት የድሬዳዋው የንግድ ሰፈር መጋላ ያለበት ሁኔታ፣ እንዲሁም በአገራችንና በውጭ የታወቁ ሁለት ክስተቶች ቀርበዋል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ ሰርቨሩ መልስ መስጠቱን ብቻ የሚጠይቅ ክትትል በቂ አለመሆኑና የሚሰጠው መልስ ትክክል ስለ መሆኑም መጠየቅ የሚኖርበት መሆኑ ነው።

1. መግቢያ

ደጫቱ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንደኛው ወገን በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩን መድረስ ተከትሎ በዕቅድ የተሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት የንግድ ሰፈር መጋላ ይገኛሉ። «መጋላ» የሚለው ቃል በአፋን ኦሮሞ ከተማ ማለት ነው። ከአሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት በዚህ ሰፈር ግብይት የሚፈጸመው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን ከአወዳይ ጫት የሚያመጣው ነጋዴም ሆነ በቀፊራ ቅመም የምትሸጠው ሴት ክፍያቸውን በሞባይል ስልክ መቀበል ለምደዋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ልማድ ይበልጥ ተስፋፍቷል። በመሆኑም የአንድ ነጋዴ የዕለት ገቢ እርሱ አይቶት በማያውቀው የመረጃ ቋት ሰርቨር ጤንነት ላይ ጥገኛ ሆኗል ማለት ይቻላል።

የተዛማጅ መረጃ ቋት ንድፈ ሐሳብ በአይቢኤም ተመራማሪ በነበረው በኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የቀረበ ነው። መረጃ በሠንጠረዦች ተደራጅቶ ይቀመጣል፤ ሠንጠረዦቹም በመለያ ቁልፎች አማካይነት ይዛመዳሉ። እንደ ኦራክል፣ ፖስትግሬስ እና ማይ ኤስኪውኤል ያሉ ሥርዓቶች በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ሲሆን፣ ለገንዘብ ሥራ ተመራጭ ያደረጋቸው አንድ ግብይት ሙሉ በሙሉ መፈጸም አለበለዚያም ጨርሶ አለመፈጸም አለበት የሚለውን ሕግ ማስከበራቸው ነው። ከአንዱ ሒሳብ የተቀነሰ ብር በሌላው ላይ ሳይደመር መንገድ ላይ መቅረት የለበትም። የክትትል ተግባር ይህ ቃል ኪዳን በየደቂቃው መጠበቁን ማረጋገጥ ነው።

2. ዝግጁነት እንዴት ይለካል?

ዝግጁነት ማለት አገልግሎቱ በሚፈለግበት ጊዜ የሚገኝበት ድርሻ ነው። በመቶኛ ሲነገር ከፍተኛ የሚመስል ቁጥር በሰዓት ሲተረጎም ሌላ መልክ ይይዛል። 99 በመቶ ዝግጁ የሆነ ሰርቨር በዓመት 3 ቀን ከ15 ሰዓት ተኩል ገደማ አይሠራም። 99.9 በመቶ ሲሆን ይህ ወደ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፣ 99.99 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 53 ደቂቃ ገደማ ዝቅ ይላል።

ተገልጋዩን የሚያገኘው ግን የሰርቨሩ ዝግጁነት ብቻ አይደለም። በመጋላ የሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ ሥራውን ለመሥራት መብራት፣ የመገናኛ መስመርና የመረጃ ቋቱ ሦስቱም በአንድነት ያስፈልጉታል። ለምሳሌ መብራቱ 99 በመቶ፣ መስመሩ 99 በመቶ፣ ሰርቨሩ ደግሞ 99.9 በመቶ ዝግጁ ናቸው ብንል፣ ሦስቱ ሲባዙ የሚገኘው 97.9 በመቶ ነው። ይህም በዓመት ከ7 ቀን ተኩል በላይ መቋረጥ ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ሰርቨሩን ብቻ ወደ 99.99 በመቶ ቢያሳድገው፣ ተገልጋዩ የሚያገኘው ትርፍ በዓመት 8 ሰዓት እንኳን አይሞላም። የትኛው ሰንሰለት እንደሚላላ ሳይለኩ ገንዘብ ማፍሰስ ያልታመመውን አካል እንደ ማከም ነው።

ስለዚህ ሰርቨሩ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ሆኖ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አያጠግብም። አንደኛው ጠያቂ በሰርቨሩ ክፍል፣ ሁለተኛው በዋናው መሥሪያ ቤት መስመር ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ በቅርንጫፉ መቀመጥ ይገባዋል። የክፍሉ ጠያቂ መልስ እያገኘ የመጋላው ካላገኘ ችግሩ የመረጃ ቋቱ ሳይሆን የመስመሩ ነው። ሦስቱም መልስ ካጡ ምርመራው ከሰርቨሩ ይጀምራል። ይህ ቀላል አቀማመጥ ብቻውን የባለሙያዎችን የስልክ ጭቅጭቅ በእጅጉ ይቀንሳል።

የጥያቄው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ፕሮግራሙ በሕይወት መኖሩን ማየት፣ ወይም ከሠንጠረዥ የማያነብ ባዶ ጥያቄ መላክ፣ ሰርቨሩ መጻፍ መቻሉን አያሳይም። ዲስኩ የሞላ ሰርቨር ለማንበብ ጥያቄ ሊመልስ፣ አዲስ ክፍያ ለመመዝገብ ግን ሊያቅተው ይችላል። በመሆኑም ለዚሁ በተዘጋጀ ትንሽ ሠንጠረዥ ላይ በየደቂቃው አንድ መስመር ጽፎ መልሶ የሚያነብና የወሰደውን ጊዜ የሚመዘግብ የሙከራ ግብይት ማካሄድ ይመረጣል።

የክትትል ትልቁ ጥቅም የመቋረጥ ጊዜን ማሳጠሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ ለ4 ሰዓት የሚቋረጥ አገልግሎት ዝግጁነቱ 99.4 በመቶ ገደማ ነው። ከእነዚያ 4 ሰዓታት ሰፊው ድርሻ የሚባክነው ብልሽቱን በመጠገን ሳይሆን መኖሩን በማወቅና ቦታውን በመፈለግ ከሆነ፣ ጥሩ ክትትል ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ሊያወርደው ይችላል። ያን ጊዜ ዝግጁነቱ አንድም አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ወደ 99.9 በመቶ ከፍ ይላል።

3. አፈጻጸም፦ አማካይ የሚሸሽገው እውነት

ቀርፋፋ ሰርቨር ለተገልጋዩ ከሞተ ሰርቨር ብዙም አይለይም። አፈጻጸም በተለምዶ የሚገለጸው በአማካይ የመልስ ጊዜ ቢሆንም፣ አማካይ ብዙ ነገር ይሸሽጋል። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ በ0.1 ሴኮንድ፣ 5ቱ ደግሞ በ20 ሴኮንድ ቢመለሱ አማካዩ 1.1 ሴኮንድ ገደማ ነው። በሪፖርት ላይ ሲታይ መልካም ይመስላል፤ ይሁን እንጂ 1.1 ሴኮንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም። ብዙዎቹ ወዲያው ተስተናግደዋል፣ አምስቱ ግን ክፍያው ያልተሳካ መስሏቸው ደግመው ሞክረዋል። የደገሙት ሙከራ ደግሞ ሌላ ጫና ይፈጥራል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን 95ኛውንና 99ኛውን መቶኛ፣ ማለትም እጅግ የዘገዩት ጥያቄዎች የወሰዱትን ጊዜ፣ ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

መዘግየት ወደ መቋረጥ የሚለወጥበት መንገድም በቀላል ስሌት ይገለጻል። በአንድ ጊዜ ክፍት የሚሆኑ ግንኙነቶች ብዛት በሴኮንድ የሚመጡት ጥያቄዎች በመልስ ጊዜው ሲባዙ የሚገኘው ነው። በሴኮንድ 40 ጥያቄ የሚቀበል ሰርቨር እያንዳንዱን በ0.05 ሴኮንድ ቢመልስ 2 ግንኙነቶች ይበቁታል። የመልሱ ጊዜ ወደ 2.5 ሴኮንድ ቢያድግ ግን 100 ግንኙነቶች ያስፈልጉታል። ፖስትግሬስ ሲጫን በራሱ የሚይዘው ወሰን ደግሞ 100 ሲሆን፣ ከእነዚህም 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተከለሉ ናቸው። የጥያቄው ብዛት ሳይጨምር፣ መዘግየቱ ብቻ በሩን ይዘጋዋል። የግንኙነት ብዛትን ከወሰኑ ጋር እያነጻጸሩ መከታተል የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመዘግየት ምክንያቶች አንዱ ኢንዴክስ የሌለው ሠንጠረዥ ነው። መረጃው ጥቂት ሳለ ሙሉ ሠንጠረዡን ማሰስ አይታወቅም፤ መስመሮቹ ሚሊዮን ሲያልፉ ግን ያው ጥያቄ ሰርቨሩን ያስጨንቀዋል። በመሆኑም የትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተላከና በድምሩ ስንት ጊዜ እንደፈጀ የሚያሳየውን የሥርዓቱን የራሱን መዝገብ በየሳምንቱ መመርመር ይገባል። በአብዛኛው ጥቂት ጥያቄዎች የጫናውን ሰፊ ድርሻ ይዘው ይገኛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የቁልፍ ጥበቃ ነው። የመረጃ ቋቱ ሁለት ሰዎች አንድን ሒሳብ በአንድ ጊዜ እንዳይለውጡ መስመሩን ይቆልፈዋል። በቅርንጫፍ ያለው ኮምፒዩተር ከመረጃ ቋቱ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ከሆነና ግብይት ተጀምሮ ሳያልቅ መብራት ድንገት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ደንበኛው መሄዱን ወዲያው አያውቅም። በሊኑክስ ላይ ሳይለወጥ በተተወ አቀማመጥ ዝም ያለ ግንኙነት መሞቱ መፈተሽ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የተቆለፈው ሒሳብ ተቆልፎ ይቆያል፤ ከኋላው የሚመጡ ጥያቄዎችም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የመጋላ መብራት መጥፋት በዋናው መሥሪያ ቤት ወረፋ የሚፈጥረው በዚህ መልኩ ነው። መፍትሔው የመፈተሻውን ጊዜ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ማሳጠርና ሥራ ሳይሠሩ ግብይት ከፍተው የተቀመጡ ግንኙነቶችን ብዛትና ዕድሜ መከታተል ነው።

4. መደበኛውን ሁኔታ ማወቅ

ያልተለመደውን ለመለየት የተለመደውን ማወቅ ግድ ይላል። ይህ የተለመደ ሁኔታ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በድሬዳዋ የቀትር ሙቀት የንግድ ሰዓቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ብዙ ሱቆች እኩለ ቀን ላይ ተዘግተው ፀሐይ በረድ ሲል ይከፈታሉ። ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሰላት ሰዓት አለ። ከዚህ ሰፈር የሚመጣ የግብይት ብዛት ቀትር ላይ ቢወርድ ብልሽት አይደለም፤ ረፋድ ላይ ቢወርድ ግን ያስጠረጥራል። ለአዲስ አበባ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ወጥ መለኪያ እዚህ ቀትር ላይ በሐሰት ይጮኻል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ጫና መነጻጸር ያለበት ካለፉት ሳምንታት ተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ጋር ነው። እንዲሁም የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት የሰኔ መጨረሻና የግብር ወቅት የሆነው ሐምሌ የራሳቸው መለኪያ ሊኖራቸው ይገባል።

የሰዓት አቆጣጠር ጉዳይም ሊታለፍ አይገባም። የቅርንጫፍ ሠራተኛው «ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲል፣ የሰርቨሩ መዝገብ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተያዘ ድርጊቱ የተጻፈው በ19፡00 ነው፤ በአካባቢው ሰዓት ከተያዘ ደግሞ በ22፡00 ይሆናል። ሦስቱን ያላስታረቀ ምርመራ የተሳሳተውን ሰዓት መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል። መዝገቡ ሁልጊዜ በዓለም አቀፍ ሰዓት ተይዞ ለአንባቢው በአገራችን ሰዓትና ቀን መቅረብ፣ የሁሉም ሰርቨሮች ሰዓትም ከአንድ ምንጭ ጋር መስተካከል ይኖርበታል።

5. ዲስክ፣ ሁለተኛ ሰርቨርና መጠባበቂያ ቅጂ

«ዲስኩ 92 በመቶ ሞልቷል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በ500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ 40 ጊጋባይት ቀርቶ በቀን 2 ጊጋባይት የሚጨምር ከሆነ 20 ቀን ጊዜ አለ። በሰዓት 2 ጊጋባይት የሚጨምር ከሆነ ግን የቀረው 20 ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው የግዥ ጥያቄ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሌሊት ከአልጋ የሚያስነሳ ጉዳይ ነው። መለካት ያለበት የሞላው መጠን ብቻ ሳይሆን የመሙላቱ ፍጥነትም ጭምር ነው።

ዝግጁነትን ለማሳደግ ሁለተኛ ሰርቨር በሌላ ቦታ ማቆም የተለመደ ነው። ሁለቱ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 99 በመቶ ዝግጁ ቢሆኑ አንዳቸው የመገኘታቸው ዕድል 99.99 በመቶ ይደርሳል። ይህ ስሌት ግን የሚሠራው አንዱን የሚጥለው ነገር ሌላውን የማይነካ ከሆነ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ደጫቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ከዚያ አደጋ ጋር ሲነጻጸር የመሣሪያ ጉዳት ኢምንት ቢሆንም፣ በአንድ ወንዝ ዳር ወይም በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የቆሙ ሁለት ሰርቨሮች በስሌቱ ሁለት፣ በተግባር ግን አንድ መሆናቸውን ያስታውሰናል።

ሁለተኛው ሰርቨር ራሱ ክትትል ይፈልጋል። ከዋናው ስንት ሴኮንድ ወደ ኋላ እንደቀረ የሚያሳየው መለኪያ፣ ዋናው ቢወድቅ ስንት ሴኮንድ የተሠራ ሥራ እንደሚጠፋ ይነግረናል። በሌላ በኩል በፖስትግሬስ ላይ ለሁለተኛው ሰርቨር የቦታ መያዣ ተዘጋጅቶ መስመሩ ቢበጠስ፣ ዋናው ሰርቨር ያልተላከውን የለውጥ መዝገብ ያከማቻል። ወሰን ካልተደረገለት ክምችቱ ዲስኩን ሞልቶ ዋናውን ሰርቨር ያቆመዋል። ወሰን ማስቀመጥ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 13ኛው ዕትም ጀምሮ ሲሆን፣ አስተዳዳሪው ካላስቀመጠው አሁንም ወሰን የለውም። ለዋስትና የቆመ ሰርቨር የሚጠበቀውን እስከ መጣል ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

መጠባበቂያ ቅጂን በተመለከተ ጊትላብ በተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰው ታሪክ አስተማሪ ነው። አንድ ባለሙያ የሁለተኛውን ሰርቨር ችግር ሲፈታ በስሕተት የዋናውን ሰርቨር መረጃ ሰረዘ። ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎች ሲሄዱ የዕለቱ ቅጂ በፕሮግራም ዕትም አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ መቆየቱ ታወቀ። ቅጂው አለመሳካቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ሰርቨር ስላልተቀበላቸው ለማንም አልደረሱም ነበር። በመጨረሻ ለሌላ ዓላማ በተነሣ ቅጂ ቢድኑም የ6 ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ተመልሶ ተጭኖ ያልተፈተነ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ክትትሉ «አልተሳካም» የሚለውን ዜና ከመጠበቅ ይልቅ «ተሳክቷል» የሚለው ዜና በሰዓቱ ሳይደርስ ሲቀር መጮኽ አለበት። ዝምታ እንደ ጤና ሊወሰድ አይገባም።

6. መብራትና ሙቀት

በድሬዳዋ ለሚገኝ የሰርቨር ክፍል ሙቀት ራሱን የቻለ መለኪያ ነው። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው የአየር ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆየዋል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ግን ብዙውን ጊዜ ከዩፒኤስ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ሰርቨሩ እየሠራ ክፍሉ ይግላል። ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ሰርቨሩ የባትሪው ኃይል ሳያልቅ በሙቀት ምክንያት ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በመሆኑም የባትሪው የቀረ ደቂቃና የክፍሉ ሙቀት ከመረጃ ቋቱ መለኪያዎች ጋር በአንድ ሠሌዳ ላይ መታየት፣ ከተወሰነ ነጥብ በኋላም ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ መደረግ ይኖርበታል። በሥርዓት የተዘጋ የመረጃ ቋት በፍጥነት ይነሣል፤ በድንገት የጠፋ ግን ሲነሣ የለውጥ መዝገቡን መልሶ እስኪፈጽም ያስጠብቃል።

7. ሠርቷል፣ ግን በትክክል ሠርቷልን?

ከመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት እስከ መጋቢት 7 ማለዳ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ በእነዚያ ሰዓታት 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች መካሄዳቸውንና 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አላግባብ መወሰዱን ገልጿል። ቀጥሎም ገንዘቡን ለማስመለስ ሰፊ ጥረት ተደርጓል፤ ገንዘብ ከወሰዱት መካከልም በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ።

ለክትትል ተማሪ የዚህ ክስተት ትምህርት ግልጽ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግብይቶች ተስተናግደዋልና «አገልግሎቱ አለ ወይ?» ለሚል ጠያቂ መልሱ «አዎን» ነበር። የመልሱ ፍጥነትም ቢለካ ይህን ጉድለት አያሳይም። የሚያሳየው የገንዘቡን ሕግ የሚጠይቅ ክትትል ነው። ለዚህም ሦስት መለኪያዎችን መጥቀስ ይቻላል። የመጀመሪያው ከተፈቀደው ወሰን በታች የወረዱ ሒሳቦችን በየደቂቃው መቁጠር ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ሲነሣ ማስጠንቀቂያው ለሰው ይድረስ። ሁለተኛው የወጪና የገቢ ድምር መመጣጠኑን በተወሰነ ጊዜ ማስላት ነው። ሦስተኛው በአንድ ሰዓት የወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ካለፉት ሳምንታት ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የቀን ያህል ገንዘብ ሲወጣ ያለ ብዙ ምርምር መታወቅ አለበት።

ከክትትሉ በፊት ደግሞ መከላከያ አለ። የሒሳብ ቀሪ ከወሰን በታች እንዳይወርድ የሚያስገድደው ደንብ በአፕሊኬሽኑ ብቻ ሳይሆን በሠንጠረዡ ላይ ቢቀመጥ፣ አፕሊኬሽኑ ሲታደስ ቢሳሳት እንኳ የመረጃ ቋቱ ግብይቱን አይቀበልም። ከማንኛውም የሥርዓት ለውጥ በኋላ ባሉት ሰዓታት እነዚህ መለኪያዎች በሰው ዓይን መታየት ይኖርባቸዋል።

8. ማስጠንቀቂያው ለማን ይድረስ?

ብዙ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ እንደማይጮኽ ይቆጠራል፤ ባለሙያው ይለምደውና ይዘጋዋል። ስለሆነም ሌሊት ሰው የሚቀሰቅሰው ተገልጋዩን አሁን የጎዳ ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጎዳ ነገር ብቻ ሊሆን ይገባል። ሌላው ለጠዋት ሪፖርት ይቆይ። የመላኪያ መንገዱም ከሚከታተለው ነገር የተለየ መሆን አለበት። መስመር መቋረጡን በዚያው መስመር በኢሜይል ለመላክ የተዘጋጀ ሥርዓት መልእክቱን የሚያደርሰው መስመሩ ከተጠገነ በኋላ ነው፤ አጭር የስልክ መልእክት በተለየ መንገድ መላክ ይህን ያቃልላል። በመጨረሻም ክትትል የሚያደርገው ሰርቨር ራሱ መሞት አለመሞቱን ከሌላ ቦታ የሚጠይቅ ሁለተኛ ጠያቂ ያስፈልገዋል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት መለኪያዎች አብዛኞቹ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የመረጃ ቋቶቹ ራሳቸው የሚሰጡትን መረጃ በሥርዓት መሰብሰብና ማንበብን ነው የሚጠይቁት። ጥቂት ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት በአራት ነገሮች ቢጀምር ይጠቀማል፤ እነርሱም ከቅርንጫፍ የሚደረግ የሙከራ ግብይት፣ የዲስክ መሙላት ፍጥነት፣ ተመልሶ የተፈተነ መጠባበቂያ ቅጂ እና የገንዘቡን ሕግ የሚጠብቅ ቆጠራ ናቸው። እነዚህ ሲሟሉ በመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ለተገልጋዩ የተሻለ መልስ ይኖረዋል፤ «መስመሩ ተቋርጧል፣ እየተጠገነ ነው፣ ገንዘብዎ ግን በቦታው አለ» ሊል ይችላል። በመጋላ ሱቁን ከፍቶ ክፍያ ለሚጠብቅ ነጋዴ ይህ መልስ ቆሞ መጠበቅን ወይም ሄዶ መመለስን ለመምረጥ ያስችለዋል።